እንደ ሳንባ የምትተነፍስ ትንሽ መሣሪያ

የሰው አካል ሕዋስ ከሚባሉ፥ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ክፍሎች የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ድንጋይና ጭቃ አንድ ላይ ስለ ተከመሩ ብቻ ቤት እንደማይሆኑ ሁሉ፥ ሕዋሳትም በአንድ ዕቃ ውስጥ ስለ ተቀላቀሉ ብቻ ሳንባ ወይም ጉበት አይሆኑም። እያንዳንዱ በተገቢው ስፍራ፥ ከተገቢው ጎረቤቱ ጋር መቀመጥ ይገባዋል። ይህ እንዴት እንደሚደረግ በአንድ ምሳሌ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

በአሜሪካ፥ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዊስ ተቋም፥ ዶክተር ዶናልድ ኢንግበርና ዶክተር ዶንግኡን ሁ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. አንዲት መሣሪያ ሠርተው አስታወቁ። መሣሪያዋ ብርሃን ከሚያሳልፍ ላስቲክ የተሠራች ስትሆን፥ መጠኗ ከላጲስ እምብዛም አይበልጥም። በውስጧ አንዱ ከሌላው በላይ የተዘረጉ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች አሉ። የሚለያያቸው ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ የሆነ፥ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ሽፋን ነው።

ሕዋሳቱን የማስፈር ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። አስቀድሞ ሽፋኑ ሕዋሳት ሊጣበቁበት በሚችሉ ፕሮቲን ይቀባል። ከዚያም የሳንባ የአየር ከረጢት ሕዋሳት ከላይ፥ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሱት ሕዋሳት ከታች፥ ሳይደባለቁ በየቦያቸው ይሰፍራሉ። አድገው እርስ በርሳቸው ከተጋጠሙ በኋላ በላይኛው ቦይ አየር ይገባል፤ በታችኛው እንደ ደም የሚመግብ ፈሳሽ ይፈሳል። በግራና በቀኝ ያሉት ክፍሎች አየራቸው በየጊዜው ሲሳብ ሽፋኑ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። በዚህም መሣሪያዋ የሳንባን አተነፋፈስ ትመስላለች።

ጥቅሟ በ2012 ዓ.ም. በጉልህ ታየ። ኢንተርሊውኪን 2 የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአንዳንድ ሕሙማን ሳንባ ውስጥ ውሃ እንዲጠራቀም እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። መድኃኒቱ በታችኛው ቦይ ሲጨመር ፈሳሹ ሽፋኑን አልፎ ወደ አየሩ ቦይ ሰረገ። የመተንፈሱ እንቅስቃሴ ሲኖር ፍሳሹ እጅግ በዛ፤ እንቅስቃሴው ሲቆም ግን አነሰ። ሕዋሳት በሳሕን ላይ ዝም ብለው ቢዘረጉ ኖሮ ይህ ምስጢር ባልተገለጠም ነበር።

መሣሪያዋ በደረት ውስጥ የምትተከል ሳንባ አይደለችም፤ የመመርመሪያ ዕቃ ናት። በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ ሕግም አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት፥ በእንስሳት ፈንታ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች የተገኘ ማስረጃ እንዲቀርብ ፈቅዷል። ለታመመ ልጁ መድኃኒት ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባት፥ የመድኃኒቱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳቱም አስቀድሞ ታውቆለት ቢሆን ይመኛል። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማም ይኸው ነው።