ከኢተያ ማሳ ወደ ማዕድ፦ ገብስና ያልተነጠለ ስንዴ

በአርሲ ዞን ሄጦሳ ወረዳ የምትገኘው ኢተያ በስንዴና በገብስ ምርቷ ትታወቃለች። ይሁንና እህሉን ሸጦ ለቤቱ የፋብሪካ ነጭ ዱቄት የሚሸምት አባወራ ከእህሉ ብዙውን ጥቅም አሳልፎ ይሰጣል። አሰር፣ ብረትና የቢ ቫይታሚኖች በብዛት የሚገኙት በፍሩሽካውና በእህሉ ፅንስ ነው፤ ፍሩሽካው ግን ለከብት መኖ ይውላል። በዚህ ረገድ ከብቱ ከባለቤቱ የተሻለ ይመገባል ማለት ይቻላል።

ገብስ በበኩሉ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር ስላለው የደም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል፤ ከምግብ በኋላም የደም ስኳር በፍጥነት እንዳያሻቅብ ያግዛል። ቂንጬ፣ በሶና ቆሎ ለዘወትር ይስማማሉ። በቅቤ የሚታሸው ጩኮ ግን በልክ ቢበላ ይመረጣል። በሕፃናት ገንፎ ላይ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ቢጨመር ገብሱ የሚጎድለውን ፕሮቲን ያሟላል።

ፍሩሽካው ያልወጣለት ዱቄት በውስጡ ባለው ዘይት ሳቢያ ቶሎ ስለሚበላሽ ጥቂት በጥቂቱ ማስፈጨት ይገባል።