ወፍ ፍለጋ ከአሪቻ እስከ ሻላ

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኛን ግን ያላየነው ደሴት ሲናፍቀን ከረመ። ናፍቆቱን ያሳደረብን ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ የአዕዋፍ ሊቃውንት በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ስለሚፈለፈሉት ነጭ ፔሊካኖች ይናገራል። አንዱ ጓደኛችን ጽሑፉን ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ማታ ማታ እየተረጎመ ያጫውተን ነበር።

ፔሊካን ከመንቁሩ ሥር ከረጢት ያለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ወደ ሦስት ሜትር የሚደርስ ታላቅ የውኃ ወፍ ነው። ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር የሆነ ጨዋማ ሐይቅ ሲሆን ዓሣው እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በመካከሉ ያለችውን ደሴት አውሬ አይደርስባትምና ለጫጩት ማሳደጊያ የተመቸች ናት። ምግቡ የሚገኘው ከኮረብታው ማዶ፣ በአብያታ ሐይቅ ነበር። ስለዚህ ወፎቹ ረፋድ ላይ ምድሩ እስኪሞቅ ይጠብቁና ሽቅብ በሚነሣው ሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ኮረብታውን ይሻገራሉ። ባጭሩ፣ ሻላ መኝታ ቤታቸው፣ አብያታ ማጀታቸው ነበር ማለት ነው።

ይህን ትርዒት በዓይናችን ለማየት ቆርጠን ሰባት ሆነን አንድ እሑድ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ከአሪቻ ተነሣን። ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙስ የተሞላ የአሪቻ ቡናና ከጎረቤት የተዋስነው አንድ መነጽር ስንቃችን ነበሩ። ይርጋ ጨፌን፣ ወናጎንና ዲላን በጨለማ አለፍን። ጎሕ የቀደደው ወደ ሐዋሳ ስንቃረብ ነው። ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፈን የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ለጀልባ ብለን ያዋጣነውን ገንዘብ የያዘው ጓደኛችን በየጊዜው ኪሱን ይዳብሳል።

ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ኮረብታ ላይ ቆመን ሰማዩን ጠበቅን። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጨመረ። የሚሽከረከር ክንፍ አልታየም። ደሴቲቱ በመነጽሩ ውስጥ አመድማ ድንጋይ መስላ ትታያለች።

በአካባቢው ያገኘናቸውን አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ ወደ ደሴቷ የሚያሻግር ጀልባ ከየት እናገኛለን?» ብለን ጠየቅናቸው።

ሳቅ ብለው፣ «የምን ጀልባ ልጆቼ? ወፍ ሰው ከደረሰባት ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች። ዕንቁላሉም ጫጩቱም ለፀሐይ ይቀራል» አሉን። ቀጥለውም፣ «የምትፈልጓቸው ወፎች ዛሬ እንደ ድሮው አይደሉም። ማጀቱ ባዶ በሆነ ቤት ማን ይቀመጣል?» ብለው በእጃቸው ወደ አብያታ አመለከቱን።

ወደ አብያታ ወረድን። ቀድሞ ውኃ የነበረበት ስፍራ ነጭ ሜዳ ሆኗል። የሶዳው ቅርፊት ከጫማችን ሥር እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰበራል፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው ጭቃ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከሩቅ አንድ ቀጭን ሐምራዊ መስመር አየን፤ ፍላሚንጎዎች ናቸው። ፍላሚንጎ በውኃው ውስጥ የሚበቅለውን ረቂቅ አልጌ ስለሚመገብ ዓሣ ቢጠፋም መኖር ይችላል። ዓሣ በል የሆነው ፔሊካን ግን ይህ ዕድል የለውም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ጽሑፍ እንደ ትናንት ደብዳቤ አንብበነው ኖሯል!

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆነ? አብያታ መውጫ የሌለው፣ ጥልቀቱም አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ውኃው የሚመጣለት በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ፣ በሆራቀሎ ወንዝ ደግሞ ከላንጋኖ ነው። በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ውኃው ለመስኖ ይሳባል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህም ከራሱ ከአብያታ ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ሲወሰድ ቆይቷል። ገቢው ሲያንስ ዳርቻው ይሸሻል፤ የቀረው ውኃ ጨውነቱ ይበረታል፤ ዓሣውም ያልቃል። በዚህ ዓይነት ሐይቁ ከቀድሞ ስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። እንግዲህ ሐይቁን ላጥፋው ብሎ የተነሣ ማንም አልነበረም። አንዱ ሽንኩርቱን፣ አንዱ ቲማቲሙን ሲያጠጣ እያንዳንዱ የወሰደው ለራሱ ጥቂት መስሎት ነበር።

ለጀልባ ያዋጣነው ገንዘብ የመኪና ነዳጅ ሆነና ወደ ቤታችን ተመለስን። እኩለ ሌሊት ሲሆን አሪቻ ገባን። ያን ያህል መንገድ የሄድንበት ነገር ባለመሳካቱ መኪናው ውስጥ ጨዋታም ዘፈንም አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ የቀሰቀሰን የወፍ ድምፅ ነው። ከእንሰቱና ከቡናው በላይ በቆሙት በዋንዛውና በብርብራው ቅርንጫፎች ላይ ርግቡ፣ ዋኖሱ፣ ስሙን የማናውቀውም ሁሉ ይንጫጫል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አጨብጭበን ነበር፤ ወፎቹን ግን አንድ ቀን እንኳ ቆጥረናቸው አናውቅም።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው። የጌዴኦ ከፍታዎች ውኃ በጊዳቦና በገላና ወንዞች በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። ቡናችን በሚታጠብበት ወራት የገለባው እጣቢ ሳይጣራ ወደ ጅረት ከተለቀቀ የውኃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ በውስጡ የሚኖረውንም ፍጥረት ያፍናል። ለአብያታ የዝዋይ አትክልተኛ የላይኛው ጎረቤት እንደሆነ ሁሉ፣ ለአባያም የላይኛው ጎረቤት እኛ ነን። እሑድ ዕለት የቡልቡላን ሰዎች ስንወቅስ ውለን፣ ሰኞ ጧት የራሳችንን ጅረት ስናይ አፈርን።

ወጣቱ ተማሪ በሰፈሩ ጅረት ዳር የሚያየውን ወፍና ዓሣ ከነቀኑ ቢጽፍ፣ ወጣቱ ሹም ደግሞ ለቡና ማጠቢያ ፈቃድ ሲሰጥ እጣቢው የት እንደሚወርድ እስከ ጅረቱ ወርዶ ቢያይ ሁለቱም ታላቅ ሥራ ሠሩ እንላለን። ብራውንና ኧርባን ያዩትን ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ፣ ባዶውን የሻላ ሰማይ አይተን ጥንትም እንዲሁ ነበር ብለን በተመለስን ነበር። እኛም አንድ ደብተር ገዝተን በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አሪቻ» ብለን ጽፈናል።