ባለ ፈቃድ መሣሪያና የኬላ ሥርዓት

በሕግ ፈቃድ የተያዘ መሣሪያ ለባለቤቱ ነውር አይሆንበትም። ነገር ግን በኬላ የቆመው ፖሊስ በኪስ ያለውን ፈቃድ አያይም፤ የሚያየው የመንገደኛውን እጅ ነው። ስለዚህ ጥፋት የሌለበት ሰው እንኳ በአንድ የችኰላ እንቅስቃሴ የራሱን ወይም የዘቡን ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

ከጅማ ወደ ደዶ፥ ከደዶም ወደ ጎጀብ ወንዝ ለሚጓዝ ሰው ኬላ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1870ዎቹ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር በየድንበሩ በር ኬላ አቁመው መንገደኛውን ያስጠይቁ፥ ከነጋዴውም ቀረጥ ያስቀበሉ ነበር። ዛሬም የቡና ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ባለመሣሪያ ጠባቂ ቢያስከትል አያስደንቅም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዛል፤ ሆኖም ፈቃድ ማግኘት ከፍተሻ ነጻ መውጣት አይደለም።

እንግዲህ ባለመሣሪያው ቁም በተባለ ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይገባዋል። ሾፌር እንደ ሆነ በቀስታ ይቁም፥ ሞተሩን ያጥፋ፥ ሌሊትም ከሆነ የውስጡን መብራት ያብራ። ሁለት እጆቹን በመሪው ላይ ያኑር፤ ተሳፋሪ እንደ ሆነም በጉልበቱ ላይ ያሳርፍ። ከመንቀሳቀሱም በፊት በአፉ ይናገር፤ ይኸውም መሣሪያ መያዙን፥ መሣሪያውና ፈቃዱም በየት እንዳሉ ይግለጽ። መሣሪያውን ለማሳየት ሲል አይንካው፥ ጥይቱንም ለማውጣት አይሞክር፤ ሳይታዘዝ ከመኪናው አይውረድ። ፖሊሱ እንዲህ አድርግ ሲለው ብቻ በዝግታ ይፈጽም። በደል ቢደርስበት እንኳ አቤቱታውን ለአለቃው በኋላ ያቀርባል እንጂ በኬላው ላይ አይከራከርም።

የዘቡም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ሦስት ሰዎች ሦስት ትእዛዝ ቢሰጡ መንገደኛው የማንን እንደሚፈጽም ግራ ይገባዋል፤ አንዱ እጅህን አንሣ፥ ሌላው ወረቀት አምጣ ካለው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊፈጽም አይቻለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ፥ መንገደኛው በሚሰማው ቋንቋ ይዘዝ። መሣሪያውን የያዘው ሰው መኖሩን አስቀድሞ መናገሩም እንደ እምነት እንጂ እንደ ዛቻ ሊቈጠርበት አይገባም፤ በእውነተኛነቱ የተንገላታ ሰው ሁለተኛ ጊዜ መደበቅን ይመርጣልና።

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ከወረቀቱ ጋራ ይህን ሥርዓት ቢያስረዳ፥ ካህናትም በየአጥቢያቸው ቢመክሩ፥ ልፋታቸው ጥቂት፥ የሚተርፈው ግን የሰው ነፍስ ነው።