የመስማት ደፍ፦ የሚለካው ጆሮ ነው ወይስ ጥንቃቄ?

በምዕራብ አማን በዴር ግባር ሠፈር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት መስማቷ ቢቀንስባትና ብትመረመር፣ ማዳመጫ ይደረግላትና ድምፅ በሰማች ቁጥር ቁልፍ እንድትጫን ይነገራታል። መመሪያው በዐረብኛ ነው። «የሰማሽ ሲመስልሽም ተጫኚ» የተባለችውን «በእርግጠኝነት ስትሰሚ ብቻ» ብላ ከተረዳችው፣ የሚለካው ጆሮዋ ሳይሆን ጥንቃቄዋ ይሆናል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 ዴሲቤል በታች የሆነውን የመስማት ደፍ ጤናማ፣ ከ20 እስከ 35 ያለውን ደግሞ ቀላል የመስማት መቀነስ ይለዋል። በጥንቃቄ ብቻ የተጨመረ 10 ዴሲቤል ሰውን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል።

ደፍ ስንል አድማጩ ድምፁን ከሚሰማባቸው ጊዜያት በግማሽ ያህሉ የሚለየው ዝቅተኛው የድምፅ መጠን ነው። የበር ደፍ አንድ ቦታ ላይ ይጸናል፤ የመስማት ደፍ ግን ይዋልላል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር እ.ኤ.አ. በ1860 ይህን መለኪያ በሥርዓት ሲያስቀምጥ፣ ድምፅን ቀስ በቀስ መቀነስ ወይም መጨመር አንዱ መንገዱ ነበር። ችግሩ ልማድ ነው፦ ድምፁ ሲቀንስ «አዎ» ማለት የለመደ ሰው ድምፁ ከጠፋ በኋላም «አዎ» ማለቱን ይቀጥላል።

ዛሬ በክሊኒኮች የሚሠራበት መንገድ ሬይመንድ ካርሃርትና ጄምስ ጀርገር እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቡት ነው። አድማጩ ከመለሰ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ ካልመለሰ በ5 ይጨመራል። ደፉ የሚወሰነው ድምፁ ሲጨመር ቢያንስ በግማሹ ሙከራ መልስ በተገኘበት ዝቅተኛ መጠን ነው። ፈጣን ነው፤ ሆኖም «አዎ» ለማለት የሚቸኩለውን ከሚያመነታው አይለይም።

ለምርምር ግን ይህ አይበቃም። በግዳጅ ምርጫ ዘዴ ሁለት አፍታዎች ይቀርባሉ፤ ድምፁ ያለው በአንዱ ብቻ ነው፤ አድማጩ የትኛው እንደሆነ መናገር ግድ ይለዋል። ማመንታት እዚህ አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። ሃሪ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው፣ ሁለት ትክክለኛ መልሶች ሲከታተሉ ድምፁን እየቀነሱ፣ አንድ ስሕተት ሲመጣ እየጨመሩ ቢሄዱ ልኬቱ 70.7 በመቶ ትክክል በሚመለስበት ነጥብ ላይ ያርፋል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ለደከመ ታማሚ ወይም ለሕፃን አይመችም።

የንግግር ምርመራ ሲጨመር ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ቃላት ተደምጠው ሲደገሙ፣ ዐረብኛን በሥራ ቦታ የተማረች አማርኛ ተናጋሪ የማታውቀውን ቃል ስትስት ስሕተቱ የጆሮ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአልጋ ወራሹ ጥላ ሥር መስማት ለተሳናቸው የጆሮ ኮክሊያ ተከላ የሚያስገኝ ፕሮግራም የምታካሂድ አገር ናት፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ደግሞ ከልኬቱ ይነሣል።

ታማሚዋ ልትጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ መመሪያውን በቋንቋዋ የሚያስረዳት ሰው፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ እንዲሁም በ1000 ኸርዝ የተጀመረው ልኬት መጨረሻ ላይ መደገሙ። በሁለቱ መካከል ከ5 ዴሲቤል የበለጠ ልዩነት ከታየ ምርመራው እንደገና ይሠራል።