ፍሪ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ብር ልትልኩ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ሀዋሳ ወይም ድሬዳዋ ደርሳችሁ ሆቴል ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? እኛ የራሳችንን እናውቃለን። የክፍሉን ቁልፍ እንኳ ሳንቀበል "የዋይፋይ ፓስወርድ ስንት ነው?" ነው የምንለው። ፓኬጁን መንገድ ላይ ቪዲዮ ስናይበት ጨርሰነዋል፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ዛሬ መላክ አለበት።

"በካፌ ዋይፋይ የባንክ አፕ መክፈት ያስዘርፋል ወይ?" የሚለው ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰናል። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ዋይፋዩ ራሱ የሚወራለትን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ዋይፋዩ "ላገናኝህ" ብሎ የሚጠይቃችሁ ነገር ነው።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የሚባል የፋየርፎክስ ተጨማሪ ፕሮግራም ወጥቶ ነበር። ያንን የጫነ ሰው ካፌ ተቀምጦ፣ እዚያው ክፍት ዋይፋይ ላይ ያለ የሌላ ሰው ፌስቡክ ውስጥ በአንድ ክሊክ ይገባ ነበር። በጊዜው ብዙ ድረ ገጾች የሚቆልፉት ፓስወርድ የምታስገቡበትን ገጽ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ በአየር ላይ ክፍቱን ይሄዳል።

ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና የባንክ አፕ የሚላላከው ተመስጥሮ ነው። እንደ ታሸገ ፖስታ አስቡት። የዋይፋዩ ባለቤት ፖስታው ወደ የትኛው ባንክ እንደሚሄድ ሊያይ ይችላል፤ ውስጡ ያለውን ሚስጥር ቁጥርና የብሩን መጠን ግን አያነብም። ስለዚህ ትክክለኛውን የባንክ አፕ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር አውርዳችሁ፣ አፕዴት አድርጋችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ጎን ያለው ልጅ ላፕቶፕ ስለከፈተ ብቻ ብራችሁ አይሄድም።

ታዲያ ሌባው በየት ይገባል? ፖስታውን መክፈት ስላልቻለ እናንተኑ ያስከፍታችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ አንድ ሰው ከሷል። ታሪኩ የጀመረው የአየር መንገድ ሠራተኞች አገር ውስጥ በረራ ላይ አጠራጣሪ ዋይፋይ አይተው ሲጠቁሙ ነው። ፖሊስ እንዳለው ሰውየው ትንሽ መሣሪያ ይዞ እየዞረ፣ ሰዎች ከሚያውቁት ዋይፋይ ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው ኔትወርክ ይከፍት ነበር። የተገናኘው ሰው ስልክ ላይ የኢሜይል ወይም የሶሻል ሚዲያ ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል። ሰው ኢንተርኔት የሚያገኝ መስሎት ይሞላዋል። በቃ። የተሰበረ ቁልፍ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ያስረከበው።

ይህ ሊሠራ የሚችለው ስልካችን ዋይፋይን የሚለየው በዋናነት በስሙ ስለሆነ ነው። ስም ደግሞ ማንም መለጠፍ ይችላል። ባለፈው ወር የተገናኛችሁበት ፓስወርድ የሌለው "ፍሪ ዋይፋይ" ስልኩ ውስጥ ተመዝግቦ ከቀረ፣ ሌላ ከተማ ላይ በዚያው ስም የተከፈተ ሲያገኝ ሳይጠይቃችሁ ሊገናኝ ይችላል። ከሆቴል ስትወጡ ፎርጌት የሚለውን ተጫኑ። አውቶ ኮኔክት የሚለውንም አጥፉት።

ወደኛው አገር እንምጣ። ከመካከላችን አንዷ ወደ ሀዋሳ ስትሄድ ባቱ ላይ ለምሳ ቆመች። ፓስወርድ የሌለው ዋይፋይ አገኘችና ነካችው። የመጣው ገጽ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፤ ሞላች። "ኮድ ልከናል፣ አስገቢ" አላት። ኮዱም እውነት መጣ። የመጣው ግን ከቴሌግራም ነበር። ምሳው እየቀዘቀዘ ስለሆነ ልብ አላለችውም፤ አምስቱን አሃዝ አስገባች። ሻሸመኔ ስትደርስ እናቷ ደወሉ፦ "ልጄ፣ ብሩን በዚህ አካውንት ነው የምልከው? ስሙ የማን ነው?" ምን ብር? በስሟ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ቸግሮኛል" የሚል መልዕክት ተልኮ ነበር። እናት ጠየቁ። አክስቷ ግን ሳይጠይቁ 4,000 ብር ልከዋል።

ልብ በሉ፣ የባንክ አፕ አልከፈተችም። የእሷ ብርም አልተነካም። ስለዚህ የዋይፋይ ገጽ የክፍል ቁጥር ወይም ስም ቢጠይቅ ያለ ነው። በኤስኤምኤስ ኮድ የሚልክ ትክክለኛ ዋይፋይም አለ፤ ኮዱ ከማን እንደመጣ አንብቡ። ከቴሌግራም፣ ከባንክ ወይም ከቴሌብር የመጣ ኮድ የዋይፋይ ገጽ ላይ ምንም ሥራ የለውም። የኢሜይል ፓስወርድ ወይም ፒን የሚጠይቅ ከሆነ ዝጉትና ውጡ። "መጀመሪያ ይህን አፕ ጫኑ" ካለም እንደዚያው። ስልኩ "ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጣ ደግሞ "ቀጥል" የሚለውን አትንኩ፤ የታሸገው ፖስታ መሀል ላይ ሊከፈት ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

"ቪፒኤን አለኝ" የምትሉ እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በተዘጉባቸው ወራት ያልጫነ ማን ነበር? ቪፒኤን ከዋይፋዩ ባለቤት ይጋርዳችኋል፣ እውነት ነው። ግን እምነታችሁን ከካፌው ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ነው ያዛወራችሁት። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ማስታወቂያ የሚያዘንብ ነፃ ቪፒኤን ለባንክ ሥራ ከካፌው ዋይፋይ ይሻላል ብለን አንመክርም። የውሸት ገጽ ላይ ኮድ ስታስገቡም አያድናችሁም።

እኛ መንገድ ላይ የምናደርገው ቀላል ነው፦ ለብር ሲሆን ዋይፋዩን አጥፍተን በሞባይል ዳታ እንጠቀማለን። ብር ለመላክ ብዙ ሜጋ አይፈጅም። ዳታ ጭራሽ ከሌለ *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ አለ፤ እነዚህ ዋይፋይም ኢንተርኔትም አይፈልጉም። አንድ ነገር ግን አለ። በኮከብና መሰላል ስትጠቀሙ ብዙ ስልክ ላይ ፒኑ ሳይሸፈን ቁጥሩ በግልጽ ይታያል። ሚኒባስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታችሁ ከሆነ ከዋይፋዩ ሌባ ይልቅ ጎናችሁ ያለውን ሰው ፍሩት።

ውጭ አገር ሆናችሁ ዳታ ከሌላችሁና የግድ በኤርፖርት ዋይፋይ መጠቀም ካለባችሁ፣ ትክክለኛውን የዋይፋይ ስም ሠራተኛ ጠይቁ። ብሩን በአፑ ላኩ፤ በብራውዘር ሊንክ ተከትላችሁ አትግቡ። አፑንም እዚያ አታውርዱ፣ ከቤት ሳትወጡ ጫኑት።

ኮዱን ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነስ? የባንክ ወይም የቴሌብር ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፣ ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127 ደውላችሁ አካውንቱን አሳግዱ፤ ከዚያ ፒን ቀይሩ። ቴሌግራም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለው ጋር ገብታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያው 24 ሰዓት እናንተን ማስወጣት ስለማይችል ቀድማችሁ የመድረስ ዕድል አላችሁ። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፤ ኮድ ብቻውን እንዳያስገባ ያደርጋል። ለቤተሰብም በቴክስት ሳይሆን ደውላችሁ ንገሩ።

ባልደረባችን ሻሸመኔ ላይ መኪና ውስጥ ሆና ያደረገችው ይህንኑ ነው። አካውንቷ ተመልሷል። የአክስቷ 4,000 ብር ግን እስካሁን አልተመለሰም።