ስኳር «የሽማግሌ» ነው ያለው ማነው?

ማለዳ ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ የቆመ ሰው ባጃጆቹን ሳያይ አያልፍም። ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው ለስላሳ ይጠጣል፣ ሌላው መሪው ላይ ተደግፎ ያሸልባል። ከንጋት እስከ ምሽት ወንበር ላይ ናቸው። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ሄዳችሁ የምታዩት ይኸው ነው። ሞባይል ጠጋኙ፣ ሱቅ ጠባቂዋ፣ ለፈተና የሚያጠናው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ቀኑን የሚጨርሱት ተቀምጠው ነው። እናቶቻቸው በዚህ ዕድሜ ሳሉ እንሰት ይፍቁ፣ ውኃ ከወንዝ ይቀዱ፣ ሸክም አዝለው ዳገት ይወጡ ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ገላችን ሥራ ፈታ።

ከእነዚህ ወጣቶች ጋር የስኳር በሽታ ወሬ ሲነሣ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው። «እሱ የሽማግሌ ነው።» «የሀብታም ነው።» «እኔን ተመልከተኝ፣ ቀጭን ነኝ።»

አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ድሮ በስኳር የሚታወቁት ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኑሯቸው የደላ የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ሌላው ሳይመረመር ስለሚሞት የሚቆጥረው አልነበረም። ዛሬ ግን ሆሳዕና የራሷ ቁጥር አላት። በከተማዋ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2020 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ ጥናት፣ ከመቶው ወደ 6 የሚጠጉት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሽታው እንዳለበት ያወቀው በዚያው ምርመራ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2021 ባወጣው ግምት፣ በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም።

ቅጥነት ዋስትና ነው የሚለውን ካፈረሱት መካከል ደግሞ የአገራችን ሐኪሞች ይገኙበታል። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ካከሟቸውና ካጠኗቸው የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ከሲታ የገጠር ድሆች ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ስኳር በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። የእሱ መነሻ ተቀምጦ ከመዋል ጋር አይገናኝም፤ ሆኖም «የሀብታም በሽታ» የሚለውን አባባል ይሽረዋል። ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይም ቢሆን ሱሪው ሳይጠብበው ስብ ጉበቱ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

«እኛ ቤት ስኳር አይገባም፤ ቆጮ ነው የምንበላው» የሚልም አለ። ቆጮን አከብራለሁ፤ ድርቅ ሲመጣ አገር ያቆመ ምግብ ነው። ነገር ግን ከቆጮው ጋር ከአንዱ እንሰት የሚወጣው ቡላ ማለት ተጨምቆ የረጋ ስታርች ነው። አንጀት ሲደርስ ተሰባብሮ ግሉኮስ ይሆናል፤ ድንቹም፣ በቆሎውም፣ ዳቦውም እንዲሁ። ከቡላ የሚሠራው አተካና በቅቤ ርሶ ሲቀርብ ምላስ ላይ ባይጣፍጥም፣ ቡላው ወደ ደም የሚገባው ስኳር ሆኖ ነው። ታዲያ አያቶቻችን ይህንኑ እየበሉ እንዴት ቻሉት? ትልቁ መልስ ያለው ከማዕድ ከተነሡ በኋላ በሚያደርጉት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ የነገሩ ሥር ይህ ነውና። ኢንሱሊን ሥራ ላይ ሲሆን ከደም ውስጥ ግሉኮስን ከሁሉ አብልጦ የሚወስደው ጡንቻ ነው። የጡንቻው በር አንድ ነው፤ ቁልፉ ግን ሁለት። አንደኛው ቁልፍ ከቆሽት የሚመጣው ኢንሱሊን ነው። ሁለተኛው የጡንቻው የራሱ መኮማተር ነው። ስንራመድ፣ ዳገት ስንወጣ፣ ስንቆፍር ያለ ኢንሱሊንም በሩ ይከፈታል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛውን ቁልፍ ጥሎ በአንዱ ብቻ ሊከፍት ይታገላል። እየቆየ በሩ ለዚያም ቁልፍ ይደነድናል። ቆሽት ደግሞ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም፤ ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመነጨ የደሙን ስኳር ለዓመታት በልኩ ሊያቆየው ይችላል። አንድ የ22 ዓመት ልጅ ጣቱን ተወግቶ «ደህና ነህ» ተብሎ ሲመለስ ውስጡ እንዲህ እየደከመ ሊሆን ይችላል።

አለመንቀሳቀስ ወጣትን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሚያሳዩት ሙከራዎች አንዱ በ1966 አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ የተደረገው ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በሩብ ያህል ወርዶ ነበር። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ ሲለኩ የ30 ዓመት እርጅና ከአቅማቸው የወሰደው ከዚያ የሦስት ሳምንት መኝታ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

የባጃጅ ሾፌሮቹን ሳይ ትዝ የሚለኝ ግን የለንደኑ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም በ1953 ባሳተሙት ጥናት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ረዳቶች አነጻጸሩ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ረዳቱ ትኬት ለመቁረጥ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ፣ ከተማው አንድ ሆኖ ሳለ የልብ ሕመም ረዳቶቹን የመታው ከሾፌሮቹ ባነሰ መጠን ነበር። በእኛም ታክሲ ሾፌርና ረዳት አለ፤ ባጃጅ ግን ረዳት የላትም።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚያምነው ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት ዝንፍ ሳትል እኩል ትመታለች ብሎ ነው። አስተማማኝ ነገርን «እንደ ሰዓት» ማለት ስለለመድን ይሆናል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ የምትመታ የጤነኛ ወጣት ልብ በአንዱና በቀጣዩ ምት መካከል አንዴ 950 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዴ 1040 ልትቆይ ትችላለች። ሐኪሞች ይህን የልብ ምት መለዋወጥ ይሉታል።

በሀዲያም በከምባታም ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጎበዝ ፈረሰኛ ልጓሙን አንዴ ሳብ፣ አንዴ ላላ እያደረገ ይጋልባል እንጂ አጥብቆ ይዞ አይቀርም። የልብን ልጓም የያዘው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ ይወርድና እስከ ሆድ ዕቃ ይዘልቃል። አየር ስንስብ ልጓሙ ይላላል፣ ልብ ፈጠን ትላለች፤ ስናስወጣ ይጠብቃል፣ ዝግ ትላለች። ጸጥ ባለ ቦታ ተቀምጣችሁ፣ ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በዝግታና በጥልቀት ብትተነፍሱ ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ምቱ በጣም እኩል እየሆነ ሲሄድ ልጓም ያዡ መድከሙን ሊያመለክት ይችላል። በ1987 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የተረፉ 808 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ የምታቸው መለዋወጥ በጣም ያነሰባቸው ሰፊ መለዋወጥ ካላቸው በአምስት እጥፍ ያህል ለሞት ተጋልጠው ተገኙ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ እሰጋለሁ። ከትንፋሽ ጋር የማይሄድ፣ እንደ መጣ የሚዘል ምት፣ በተለይ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶች በልጅነታቸው ከያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ በሚመጣ የልብ በር በሽታ ይሠቃያሉ። እንዲህ ያለው ምት ሐኪም ይፈልጋል። ከደቡብ አፍሪካ ወንድም የላከው የእጅ ሰዓት የምት መለዋወጥ ብሎ የሚያሳየው ቁጥርም ብቻውን በሽታ አይናገርም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ትኩሳት፣ ያደረ መጠጥ ሁሉም ያወርዱታል። ለማጥናት ተብሎ የሚቃም ጫትም ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ይጨምራል፤ ያውም ለሰዓታት ተቀምጦ።

ስኳርና ልብ የሚገናኙት በዚሁ ልጓም ላይ ነው። ከፍ ያለ ስኳር ነርቮችን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ረጅሙ ቬገስም አያመልጥም። የጡንቻው በር የደነደነበት ሰው የሚያመነጨው ብዙ ኢንሱሊንም ልብን የሚያጣድፈውን ሌላውን የነርቭ ክፍል ይቀሰቅሳል። በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ ለረጅም ዘመን ከተጠኑት ሰዎች የተገኘና በ2000 የታተመ ውጤት ይህን ያሳያል። የምት መለዋወጥ ቀንሶ የታየው በስኳር ሕሙማን ላይ ብቻ አልነበረም፤ የጾም ስኳራቸው (ሳይበሉ አድረው የሚለካው) ከልኩ ትንሽ ከፍ ባለባቸው ላይም ነበር። ማንም «ታመምኩ» ሳይል ማለት ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ እጫወታለሁ፣ ይበቃኛል» ለሚሉኝ ኳሱን አትተዉ እላለሁ። ግን አንድ ቀን መሮጥ ለጡንቻው በር የሚሰጠው ልስላሴ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ቅዳሜ የከፈታችሁት ማክሰኞ ተዘግቷል። በ2012 የታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ ወፍራም ጎልማሶችን አስቀምጦ በየ20 ደቂቃው ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀስ ብለው እንዲራመዱ አደረገ፤ ከምግብ በኋላ የነበረው የስኳር ጭማሪ ዝም ብለው ከተቀመጡበት ቀን በሩብ ያህል ወረደ። ሁለት ደቂቃ አንድ ባጃጅ ተራው እስኪደርስ ከሚቆመው ያነሰ ጊዜ ነው።

መራራ ነገር ስኳርን ያጠፋል የሚለው ረጅም ሐተታ አይሻም። ሬት፣ ግራዋ ወይም ሽፈራው ምላስን ስላመረረ ደምን አያስተካክልም። በእነሱ ተማምኖ መድኃኒቱን የተወ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው፣ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

«ሲያመኝ እመረመራለሁ» የሚለውም ያው ስሕተት ነው። ጥሙና ቶሎ ቶሎ መሽናቱ የሚመጡት ስኳሩ ኩላሊት ሊይዘው ከሚችለው ሲያልፍ ነው። ሌሊት ሳይበሉ አድሮ በጠዋት የሚለካ ስኳር ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በሁለተኛ ምርመራ ከጸና የስኳር በሽታ ነው። ወላጁ ወይም እህት ወንድሙ ስኳር ያለበት፣ በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር የታየባት፣ ወይም ወገቡ እየሰፋ ያለ ወጣት 40 ዓመት እስኪሞላው አይጠብቅ። ለዚህ ምርመራ ሆሳዕና ላይ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ዱራሜም የራሷ ሆስፒታል አላት።

የዳላሶቹ አምስት ሰዎች ታሪክ በዚያ አላበቃም። ከ30 ዓመቱ ልኬት በኋላ፣ 50 ዓመት ሞልቷቸው፣ ሆድ አውጥተው ሳለ ለስድስት ወር በእግር መራመድ፣ ሶምሶማ መሮጥና ብስክሌት መንዳት ጀመሩ። ከቀላል ተነሥተው ቀስ በቀስ ጨመሩ። በስድስተኛው ወር ሲለኩ የአምስቱ አማካይ አቅም ያ መኝታ ከመጀመሩ በፊት፣ በ20 ዓመታቸው፣ ወደነበረበት ተመልሶ ነበር።