በ4 ዓመቱ የተቀጠረው አድሚራል

ፕሮቮ ዋሊስ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው በ1795 ነው፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ያኔ ዕድሜው 4 ዓመት ነበር። አባቱ ዛሬ የካናዳ በሆነችው ሃሊፋክስ ከተማ በባሕር ኃይሉ የመርከብ ማደሻ ዋና ጸሐፊ ስለነበር፣ ካፒቴን ወዳጅ አላጣም። ልጁ በአንዲት ፍሪጌት ላይ የተካነ መርከበኛ ተብሎ ተመዘገበ። መርከቧ ባሕር ስትቀዝፍ ሕፃኑ ከእናቱ ጓዳ አልወጣም።

ነገሩ ማጭበርበር ነው፤ ደንቡም ይከለክለዋል። ቢሆንም የተለመደ ነበር። ኋላ ዝነኛ የሆነው ቶማስ ኮክሬንም ገና በ5 ዓመቱ በአጎቱ መርከብ መዝገብ ላይ ስሙ ገብቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሌፍተናንትነትን ፈተና ለመፈተን 6 ዓመት የባሕር አገልግሎት ያስፈልግ ነበር። መዝገብ ላይ ቀድሞ የገባ፣ ቀድሞ ይፈተናል።

የእውነቱ ትምህርት ግን መርከብ ላይ ነው። ዕጩ መኮንኑ በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ከቤቱ ይወጣል፤ ከመርከቡ ሆድ፣ ፀሐይ ከማይገባበት ወለል፣ በገመድ በተንጠለጠለ አልጋ ይተኛል። ሌሊቱ በ4 ሰዓት ፈረቃ የተከፋፈለ ነው። ነፋስ ሲበረታ ከመርከበኞቹ ጋር ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሸራ ይጠቀልላል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሴክስታንቱን ይዞ የፀሐይዋን ከፍታ ይለካና መርከቧ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀች ያሰላል። ፈተናው የቃል ነው። ካፒቴኖች ፊት ቆሞ፣ ነፋስ ወደ ድንጋያማ ዳርቻ ሲገፋህ ምን ታደርጋለህ ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረበት።

ዘመድ ያለው ደግሞ ፈተናውም ይቀልለታል። ኋላ ዝነኛ አድሚራል የሆነው ኔልሰን በ1777 ሲፈተን ከፈታኞቹ አንዱ አጎቱ ነበር። ዕድሜው 18 ነበር፤ በ20 ዓመቱ ሙሉ ካፒቴን ሆነ። የኔልሰን ችሎታ ጥርጥር የለውም፤ ግን አጎት ያልነበራቸው ስንት ጎበዞች ሌፍተናንት ሆነው እንደሸበቱ ማሰብም ደግ ነው።

ዋሊስ በ17 ዓመቱ ሌፍተናንት ሆነ። ስሙን ያስጠራው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰኔ 1 ቀን 1813። እንግሊዝ ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች፣ ዋሊስ የሚያገለግልባት ባለ 38 መድፏ ሻነን ከቦስተን ወደብ ወጣ ብላ ከአሜሪካዊቷ ቼሳፒክ ጋር ገጠመች። ውጊያው 15 ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ከሁለቱም ወገን ግን ከ200 በላይ ሰው ሞተ ወይም ቆሰለ። የሻነን አዛዥ ፊሊፕ ብሩክ ሰዎቹን እየመራ ጠላት መርከብ ላይ ዘልሎ ሲወጣ ጭንቅላቱን በሰይፍ ተመታ። ምክትሉ ጆርጅ ዋት በተማረከችው መርከብ ላይ የእንግሊዝን ባንዲራ ሊሰቅል ሲጣደፍ ገመዱ ተምታታበትና ባንዲራው ከአሜሪካው ሥር ሆነ። የሻነን ተኳሾች ጠላት መስሏቸው ተኮሱ፤ ዋት በወገኖቹ መድፍ ሞተ።

የመርከቧ አዛዥነት በዚህ መንገድ የ22 ዓመቱ ዋሊስ እጅ ገባ። በምርኮኛ የተጨናነቀች፣ አዛዧ ራሱን የሳተባትን መርከብ ይዞ ሰኔ 6 የትውልድ ከተማው ሃሊፋክስ ደረሰ። እንደሚተረከው በእነዚያ ቀናት ልብሱን እንኳ አላወለቀም።

ከዚያ በኋላ ከአሜሪካም ከፈረንሳይም ጋር ሰላም ሆነ፤ ለመኮንን ደግሞ ሰላም ክፉ ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ከ140 ሺህ በላይ የነበረው የባሕር ኃይሉ ሰው በጥቂት ዓመታት ወደ 20 ሺህ ገደማ ወረደ። ተራው መርከበኛ ተሰናበተ፤ መኮንኑ በግማሽ ደመወዝ ቤቱ ተቀመጠ። ኔልሰን ራሱ ቀደም ብሎ ከ1788 እስከ 1793 መርከብ አጥቶ ኖርፎክ ገጠር ውስጥ ደጅ ሲጠና ኖሯል።

ሙሉ ካፒቴን የሆነ ሰው ግን አንድ ተስፋ ነበረው። ከዚያ በላይ ያለው ሹመት በጀግንነት ሳይሆን በተራ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ሲሞቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ዕድሜ ለንስሐ ይለምናል፤ የሸራ ዘመን ካፒቴን ዕድሜ ለሹመት ይለምን ነበር። ዋሊስ በ1819 ሙሉ ካፒቴን ሆኖ፣ ሪር አድሚራል ለመባል 32 ዓመት ጠበቀ። በ1877 የመጨረሻውን ማዕረግ፣ የመርከቦች ሁሉ አድሚራልነትን አገኘ።

በ1870 የወጣው የጡረታ ደንብ ሽማግሌዎቹን ሲያሰናብት፣ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን መርከብ ያዘዙትን ግን በሥራ ላይ እንዳሉ ይቆጥር ነበር። ሻነንን ያዘዘባቸው ጥቂት ቀናት ለዋሊስ በቁላቸው። የእንፋሎትና የብረት መርከቦች ሸራውን ካስረሱት በኋላም ደመወዙ አልተቋረጠም። በየካቲት 1892 በ100 ዓመቱ ሲሞት ስሙ ገና ከመዝገቡ አልወጣም ነበር፤ ከገባ 96 ዓመት ሆኖት።